የእማዬ ዱካ

ሐኪሙ ለእማዬ ያዘዘላት ቀላል ነገር ነበር። በቀን ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ። ስኳሯ ከፍ ብሏል፣ ኪኒኑም አለ፣ ግን እግር መንቀሳቀስ አለበት። ሐዋሳ ለሚኖር ሰው ይሄ ምኑ ይከብዳል? ሐይቅ ዳር ወጣ ማለት ነው። «እንዲህ ያለ ትእዛዝማ በየቀኑ ይዘዝልኝ» አለች እየሳቀች።

በሦስተኛው ቀን አልሄድም አለች።

ጉልበቷን ያመማት መስሎኝ ነበር። «ጉልበቴስ ይሄዳል። የሚመልሰኝ ውሃ ሽንቴ ነው» አለችኝ። የስኳር ሕመምተኛ ያስታመመ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ሲመጣም ጊዜ አይሰጥም። ሐይቁ ዳር ካለው ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ቦታ ተነስተን ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል ስንሄድ መንገድ ላይ ያገኘነው መፍትሔ ካፌ ብቻ ነበር። ካፌ ለመግባት ደግሞ ማዘዝ ያስፈልጋል። ያዘዘችው ሻይ ይጠጣል፣ ሻዩ ደግሞ ተመልሶ ያው ነው።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ይህን ከተማ በካርታ ላይ ለሃያ ዓመት አስተምሬዋለሁ። በእማዬ እግር ስለካው ግን ሌላ ከተማ ሆነብኝ።

አስቡት፣ ሐዋሳ እኮ ለእግረኛ የተፈጠረች ናት። መሬቷ ሜዳ ነው። በ1950ዎቹ ስትቆረቆር ጀምሮ መንገዶቿ ሰፋፊ ሆነው ተቀየሱ። ከገብርኤል አደባባይ ቀጥ ብለህ ብትሄድ ሳትጠፋ ሐይቁ ላይ ትደርሳለህ። ልጅ ሆነን በኪራይ ሳይክል ያንን መንገድ በአንድ ትንፋሽ እንጨርሰው ነበር። ስሟ ራሱ በሲዳምኛ ሰፊ የውሃ አካል ማለት ነው ይባላል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ሐይቅ ዳር ያለውን ያን ከፍ ያለ መንገድ ብዙ ሰው ለሽርሽር ታስቦ የተሠራ ይመስለዋል። ተማሪዎቼም እንደዛ ነው የሚመስላቸው። አይደለም። ውሃ መመለሻ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም። 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ጎድጓዳ ሳህን በሉት። ክረምቱ ሲበረታ የሚሸሽበት ስለሌለው ወደ ላይ ይነሳል። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተነስቶ ወደ ከተማው ሲገፋ ዳርቻው በግድብ ተከለለ። ሰው ደግሞ ደረቅና ከፍ ያለ መሬት ካገኘ ይሄድበታል። መጀመሪያ ሯጮች ወጡበት፣ ከዚያ ፍቅረኞች፣ ከዚያ ቆሎ ሻጮች፣ ከዚያ እማዬ።

ይሄን የማነሳው እውቀቴን ላሳይ ብዬ አይደለም። (ትንሽ ነው።) ግድብ መሆኑን ያልተረዳ ሰው የሚያወጣው ፕላን ስለሚበላሽ ነው። ለምሳሌ እኔ «ዳር ዳሩን ዛፍ ይተከልበት፣ ጥላ ይሁን» ስል ከረምኩ። መሐንዲስ ጓደኛዬ ሳቀብኝ። ግድብ ላይ ዛፍ አይተከልም። ሥሩ አፈሩን ሰርስሮ ለውሃ መንገድ ይከፍታል፣ ዛፉ ሲደርቅማ የሥሩ ቦታ ባዶ ቧንቧ ሆኖ ይቀራል። ጥላ ከተፈለገ ዛፉ ከግድቡ ወዲህ፣ በከተማው በኩል ደልዳላው መሬት ላይ ነው የሚተከለው። መቀመጫውም እዚያው ከሥሩ። ከዚያ ወደ ላይ መውጫ ደግሞ ደረጃ ብቻ ሳይሆን ለዘብ ያለ ዳገት ይሠራለት። እማዬ ስትወጣ እጄን ትይዛለች፣ እሺ። ዊልቸር ላይ ያለው ልጅስ ማንን ይይዛል?

በቅርቡ ስለ መናፈሻዎችና ስለ እግር መንገዶች አንድ የውይይት መድረክ ላይ ተገኝቼ ነበር። የማን እንደነበረ ይቅር። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስዕል ተሰቅሏል። እውነት ለመናገር ያምራል። ፏፏቴ አለ፣ ባለ ቀለም መብራት አለ፣ ሣሩ የተበጠረ ይመስላል። እኔ ግን ዓይኔ የሄደው ስዕሉ ውስጥ ወዳሉት ሰዎች ነው። ሁሉም ወጣት ናቸው። ሁሉም ቆመዋል። ማንም አልደከመውም፣ ማንም ሕፃን አላዘለም፣ ጃንጥላ የያዘ አንድ ሰው የለም። ፀሐይ ራሷ የለችም፣ ብርሃን ብቻ ነው ያለው።

እጄን አወጣሁ። «ሽንት ቤቱ የት ጋ ነው?» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ሰብሳቢው በትሕትና «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በቀጣዩ ምዕራፍ ይታያል» አለኝ። ውሃ ሽንት ምዕራፍ እንደማይጠብቅ ልነግረው ፈልጌ ነበር። የሻይ ሰዓት ደረሰ። የሚገርመው፣ የአዳራሹ ሽንት ቤት በር ላይ የነበረው ሰልፍ ነው።

እንግዲህ የእኔን ፕላን ልንገራችሁ፣ ማንም ባይጠይቀኝም። እማዬ ሁለት መቶ ሃምሳ እርምጃ ገደማ ስትሄድ ማረፍ ትፈልጋለች። ቆጥሬያለሁ። ስለዚህ በየሁለት መቶ ሃምሳ እርምጃ አንድ መቀመጫ፣ መደገፊያ ያለው። መደገፊያ የሌለው የሲሚንቶ ብሎክ መቀመጫ አይደለም፣ እንቅፋት ነው። ከየአራት መቀመጫው አንዱ ጋ ሽንት ቤት፣ በደጁም የሚጠብቀው ሰው። ያ ሰው ደመወዝ ይኑረው፣ ወይ ሁለት ብር ያስከፍል። ያለ ጠባቂ የተሠራ ሽንት ቤት ስንት ጊዜ ዕድሜው ስድስት ወር ሆኖ እንደሚቀር ሁላችንም አይተናል።

ደንገሉና ቄጠማውም አይነካ። «ዳሩ ይጽዳ» የሚሉ ሰዎች ቄጠማውን ነው የሚያዩት፣ እኔ ግን ፕላስቲኩ ይልቀም ነው የምለው። ቆሮሶ የምንለው ዓሣ የሚራባው እዚያ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ፣ ቄጠማው መሃል ነው። ከከተማው የሚወርደውን ደለልም የሚይዘው እሱ ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ የገባበት ቆሻሻ ሁሉ እዚያው ይቀራል። እማዬ በዚህ አትስማማም። «እባብ አለበት» ትላለች። ክርክሩ ቀጥሏል።

ጉዱማሌ የሚባለውን ሜዳም እባካችሁ በግንባታ አትሙሉት። የሲዳማ ፍቼ ጫምባላላ፣ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም የመዘገበው በዓል፣ የሚከበረው እዚያ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቦታ ክፍት መሆን አለበት። ባዶ ቦታ ያየ ሰው ሁሉ እጁን ለምን እንደሚበላው አይገባኝም። ከተማችን ውስጥ ባለው ታቦር ተራራ ላይ ደግሞ ሕንፃም መብራትም አልፈልግም። ሰው በአቋራጭ እየወጣ የሸረሸረውን ቦታ በድንጋይ ደረጃ ማሰር ይበቃል፣ ያለበለዚያ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ ወደ ታች ይወርዳል።

አሁን እማዬ መሄድ ጀምራለች። የራሷን መላ አበጀች። ትንሽ የእንጨት ዱካ አላት፣ ድሮ ቡና ስታፈላ የምትቀመጥበት። አሞራ ገደል አካባቢ የዓሣ ሾርባ የምትሸጥ አንዲት ሴት ጋ አስቀመጠችው። ሴትየዋም ከጓሮዋ ሽንት ቤት ታስገባታለች። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስተን፣ ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው ሲመለሱ እንደርሳለን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩ መስለው ቆመው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። ባለፈው ጦጣ ዳቦዋን ከእጇ ነጠቀቻት። እማዬ ተናደደች፣ ግን ወሬውን ለሰፈሩ ሁሉ አወራችው።

ቅዳሜ ዕለት ስንደርስ ዱካው ላይ ሌላ እናት ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ። ሾርባ ሻጯ ደንግጣ «እማማ፣ ዱካው የእሳቸው ነው» አለች። ሴትየዋ ሊነሱ ሲሉ እማዬ ትከሻቸውን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻቸው።

«ይረፉ፣ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ» አለች። ቆመች። በአንድ እጇ እኔን ይዛ፣ በሌላው አጠገቡ ያለውን የዛፍ ግንድ ተደግፋ። ሴትየዋም ስኳር አለባቸው ለካ። እስኪነሱ ድረስ ስለ ኪኒን አወሩ።