የመንዝ በግ ፀጉር የለበሰ ካራቫን

ካራቫኑን (በመኪና የሚጎተተውን ቤት) የገዛሁት የአንድ መንገድ ሥራ ካምፕ ትርፍራፊ ዕቃ ሲሸጥ ነው። ላዩ አሉሚኒየም ስለሆነ ዝገት የለውም፣ ከሩቅ ሲታይ ደህና ነገር ነው። አሉሚኒየሙን ስንነቅለው ግን የእንጨት አጽሙ በእጅ ይፈረፈራል። የድሮ ካራቫን በሽታው ይኸው ነው፤ በመስኮትና በጣሪያ መጋጠሚያ ውሃ ይገባና እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። ልትገዙ ከሆነ ከዋጋው በፊት ግድግዳውን በአውራ ጣት ተጫኑት። ከሰረጎደ በልኩ ተደራደሩ። እኛ አጽሙን በጽድ ቀየርነው፣ ጽድ ቶሎ አይበሰብስም።

ከዚያ የብርዱ ነገር መጣ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። በስስ አሉሚኒየም ውስጥ ማደር ደጅ ከማደር ብዙም አይሻል። ሁሉም ፎም ግዛ አለኝ። እኔ ግን ባና ለብሼ ያደግሁ ነኝ፣ መንዝ ይህን ብርድ በበግ ፀጉር ችሎት ከኖረ ለግድግዳ የማይሆንበት ምክንያት አልታየኝም። ፀጉሩ በመሐሉ አየር ይይዛል፣ ሙቀቱን የሚያቆየው እሱ ነው። እርጥበትም ጠጥቶ መልሶ ይለቃል፤ ሰው ሲተነፍስ በሚያድርበት ጠባብ ክፍል ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከመሐል ሜዳ በጆንያ አስመጥተን አጠብነው፣ አደረቅነው፣ አፍታትተን ሞላነው (እንዳትጠቀጥቁት፣ አየሩ ይወጣል)። አክስቴ አይታ፣ «አንተ ልጅ፣ ሰው ቤት ሲሠራ አንተ ፍራሽ ትሰፋለህ?» አለችኝ። ብል እንዳይበላው ያሳሰበችኝም እሷ ናት፣ ከማድረቃችን በፊት ቦራክስ ውስጥ ነከርነው።

ከሰል ግን በፍጹም አላስገባም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ በተዘጋ ክፍል የተኛን ሰው ይገድላል። ቢበርደኝም ካራቫኑ ከላይና ከታች የማይዘጋ የአየር ቀዳዳ አለው።

ቀለምና መጋረጃ ይቆያል፣ የጣርማ በር ቁልቁለት ግን ፍሬን ሳይሠራ አይሞከርም። ሐሳቤ ብርዱ ሲጠና ሸዋ ሮቢት መውረድ፣ ቆላው ሲግል መንዝ መውጣት ነው፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ማለቴ ነው። የጣርማ በር የመንገድ ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። የኔ ካራቫን ፍሬን የሚይዘው የሚጎትተው ፒካፕ ፍጥነት ሲቀንስና ካራቫኑ ከኋላ ሲገፋው ነው። በረጅም ቁልቁለት ግፊቱ ስለማያቋርጥ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ከጋለ አይዝም። ስለዚህ ሸራውንም የጎማውን ኩሽኔታም በአዲስ ቀየርን፤ ስወርድም በከባድ ማርሽ ቀስ እያልኩ፣ መሐል ላይ ቆሜ እያቀዘቀዝኩ ነው የምወርደው። ከኋላ ያለው ሹፌር ክላክስ ይንፋ።

አሁን የቀረኝ ሮቶው ነው። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፣ ስለዚህ ከጎማው ትይዩ መሐል ላይ ይታሰራል፤ ኋላ ከተጫነ ካራቫኑ እየተወዛወዘ ፒካፑንም ይዞት ይሄዳል።