ኮሮጆ ሳይገለበጥ የሚሰረቅ ምርጫ

የሮታራክት (የሮታሪ ወጣቶች) ክበብም ይሁን የጄሲአይ (የወጣት መሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር) ቅርንጫፍ፣ ጅማ ላይ ምርጫ ሲበላሽ ሰው የሚጠረጥረው ቆጠራውን ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው የአባላት መዝገቡን ነው። አንድ ተወዳዳሪ በምርጫው ማለዳ የ15 ሰው መዋጮ ከኪሱ ከፍሎ ካስገባ፣ ቆጠራው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ምን ይረባል?

መዝገቡ ከምርጫው 30 ቀን በፊት ይዘጋ። ከዚያ ወዲህ የገባ አባል ይሰብሰብ፣ ይናገር፤ ድምፅ ግን ለቀጣዩ ዓመት። ዝርዝሩ 14 ቀን ሲቀር በቴሌግራምም በግድግዳም ይለጠፍ፣ ቅሬታው 7 ቀን ሲቀር ያብቃ። ተመርቆ ከከተማ የወጣው ተማሪ ካልተሰረዘ ምልዓተ ጉባኤ ያስቸግራል፤ መዝገቡ 60 ስም ይዞ 31 ሰው ሲፈለግ፣ ጅማ ያለው 28 ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዕድሜን ከወሬ አትውሰዱ። ጄሲአይ ከ18 እስከ 40 ነው። ሮታራክት የ30 ዓመት ጣሪያውን በ2020 እ.ኤ.አ. አንስቷል፤ ክበቡ በራሱ ደንብ ጣሪያ ካላስቀመጠ በቀር፣ በ31 ዓመቱ «አልፎብሃል» የሚባል ሰው ካለ አስመራጩ ደንቡን አላነበበም።

የሮታራክት የሥራ ዘመን የሚጀምረው ጁላይ 1፣ በእኛ ሰኔ 24 ነው። ምርጫው መጋቢት ላይ ቢሆን ለርክክብ ሦስት ወር ይተርፋል። ጥሪው ላይ «9:00» ብቻ ከጻፋችሁ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይመጣል፤ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በሉ።

እጅ ማውጣት ይቅር። አንጋፋው ፊት ለፊት፣ የሀገር ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይሉኝታ የማይዘው ሰው ጥቂት ነው። በቡና ፍሬ መምረጥም ያምር ይሆናል፣ ግን ጅማ ላይ ሁለት ፍሬ ቡና የሚቸግረው ማን ነው? ወረቀቱ ማኅተም ይኑረው፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍ፣ የስም ቅደም ተከተሉ በዕጣ ይውጣ። ተራ ቁጥር አይታተምበት፤ ከፊርማ መዝገቡ ጋር ሲተያይ ማን ማንን እንደመረጠ ያጋልጣል።

አስመራጭ ሦስት ይበቃል፣ ሦስቱም የማይወዳደሩ፣ ቢቻል አንዱ ከሌላ ከተማ። ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ለሁሉም ታይቶ ይታሸግ። ወረቀት የተቀበለ ሰው ሳይከት ከአዳራሹ አይውጣ፤ ባዶው ውጭ ተሞልቶ በሌላ ሰው እጅ ሊመለስ ይችላል። 48 ታድሎ 49 ከተገኘ ስም ሳይነበብ ይደገም። «አንዷን አውጥተን እንጣል» የሚል አይጠፋም፤ የማንን ድምፅ እንደምትጥሉ ግን አታውቁም።

ትልቁ ጭቅጭቅ ሦስት ሰው ሲወዳደር ነው። ከ46 ትክክለኛ ድምፅ 19፣ 15 እና 12 ቢወጣ፣ ባለ 19ኙን 27 ሰው አልመረጠውም። ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 24 ድምፅ፣ ይጠየቃል ወይ? መልሱ ዕጩዎች ከመታወቃቸው በፊት ይጻፍ፤ በኋላ ማንም የሚደግፈው ለራሱ ሰው የሚበጀውን ነው። የሚጠየቅ ከሆነ ሁለቱ ቀዳሚዎች እዚያው ዕለት ይለዩ። ለዚህ ቀለሙ የተለየ ወረቀት ቀድሞ ይታተም፣ አለዚያ ከመጀመሪያው ዙር የተረፈው ይቀላቀላል።

የተቆጠሩት ወረቀቶች በፖስታ ታሽገው፣ ሦስቱ አስመራጮች ፈርመውበት፣ የይግባኝ ጊዜው እስኪያልፍ ይቀመጡ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ዘንድ ግን አይሁን።