ከሶፋው ኋላ

ድብርት ይዞኛል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሁሌም እንዲህ ያደርገኛል፤ በዝናቡ እንዳላሳብብ ዝናብ እወዳለሁ። ታክሲ ውስጥ ጥጌን ይዤ ተኮራምቼ ሳለሁ ሬዲዮኑ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች!» አለ። የሳቸው ድምፅ። ለካ ሐምሌ 24 ነው፣ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ይነግሩን የነበሩት አባባ ተስፋዬ ያረፉበት ቀን። ከፊቴ የተቀመጡት ሽበታም ሰውዬ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሲስቁ ነው። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ቦርሳዋን አቅፋ ፈገግ አለች። ረዳቱ ብቻ «የኋላ ሒሳብ!» ይላል። እሱ አልደረሰባቸውም።

ሽበታሙ ሰውዬ ልጅ ሳሉ እሳቸው ነበሩ፤ እኔም ልጅ ሳለሁ እሳቸው ነበሩ። ቴሌቪዥኑ በ1957 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ ተረት ነግረዋል ማለት ነው። ታዲያ ለኛ ሲፈጠሩም ሽማግሌ ነበሩ። በ2009 ሲያርፉ ዘጠናን ተሻግረው ስለነበር ያለ ዕድሜያቸው ሄዱ አይባልም፤ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፤ ወጣት ሆነው ያውቃሉ! ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን ሴት ሆነው መድረክ ላይ ይወጡ እንደነበር የሰማሁት ጎርምሼ ካበቃሁ በኋላ ነው። ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው ላስባቸው ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ያው ሽማግሌው ይመጡብኛል፣ ነጠላ ለብሰው።

ደግሞ ኮሪያ ዘምተዋል፤ ከቃኘው ሻለቃ ጋር፣ ወታደሩን ሊያዝናኑ። በዚያ ብርድ ምን ብለው አሳቋቸው ይሆን? የጦጣና የጅብ ተረት? ጠመንጃውን የታቀፈ ሃምሳ አለቃ «እሺ፣ ከዚያስ?» ሲላቸው ይታየኛል።

በኛ ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው እትዬ ቤት ነበር። ባለ መዝጊያ ነው፤ ቁልፉ እትዬ መቀነት ውስጥ፣ ዳንቴሉ አናቱ ላይ። እግሩን ያልታጠበ አይገባም። በር ላይ ቆመው ተረከዛችንን ሳይቀር ያያሉ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተደርድረን እንቀመጥና አባባ ተስፋዬ ጎንበስ ብለው ሰላም ሲሉን ብድግ ብለን እጅ እንነሣለን። ማናችንም ያዩናል ወይ ብለን አልጠየቅንም። ያያሉ እንጂ! ካላዩ ማንን ነው ሰላም የሚሉት?

እኔ ግን ተንኮለኛ ነበርኩ። አንድ ቀን ልፈትናቸው ብዬ ሁሉም ሲነሣ ከሶፋው ኋላ ተደበቅኩ። ጊዜም አልሰጡኝ፤ ስለማይታዘዝ ልጅ ተረት ጀመሩ። አለቀልኝ! ቀና ብል ዓይናቸው ሶፋው ላይ ነው። ከዚያች ቀን በኋላ እጅ ስነሣ ግንባሬ ምንጣፉን ሊነካ ምንም አይቀረው።

ታላቅ እኅቴ ይህን ባወራኋት ቁጥር «አንተ ድሮም ደህና አልነበርክም» ትላለች። እሺ። ግን አሁን ማን ትክክል ሆነ? ስክሪኑ እኮ እውነትም ያያል። ስልኬ የት እንደቆምኩ ያውቃል፣ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደምነቃ ያውቃል፣ ጫማ መግዛት ማሰቤን ከሚስቴ ቀድሞ ይሰማል። ይህን ሁሉ ዓመት ሲያየኝ አንድ ቀን እንኳን እግርህን ታጠብ አላለኝም። ጤና ይስጥልኝም አላለኝም። የሚያየን በዝቶ ሰላም የሚለን የጠፋበት ጊዜ ነው... ኧረ ይኼ ነገር ስብከት ሊሆንብኝ ነው፣ ይቅር።

የሆነው ሆኖ ባለፈው የመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ በዙም ነበር። ካሜራዬን ዘግቻለሁ፣ ድምፄንም ዘግቻለሁ፣ ከላይ ሸሚዝ ከታች ፒጃማ ነኝ። ኃላፊያችን ገብተው «ጤና ይስጥልኝ» ሲሉ ሳላስበው ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ። አጎንብሼ። በሁለት እጄ።

ሚስቴ የቡና ሲኒ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ለማን ነው?» አለችኝ።

እስካሁን አልመለስኩላትም።