ጆኒ ሆ የሚባለውን የቲቪ መርማሪ የሚያስታውሰው አለ?

ዛሬ «ዘ ቻይኒዝ ዲቴክቲቭ»ን እያየሁ ዋልኩ። ቢቢሲ በ1981 እና በ1982 እ.ኤ.አ. ያሳየው የወንጀል ድራማ ነው። አሁን ስሙን የሚያነሳ የለም፤ ይሄ ያንገበግበኛል። በእንግሊዝ ቲቪ ድራማ ላይ ቻይናዊ ዝርያ ያለው ተዋናይ መሪ ሆኖ የመጣበት የመጀመሪያው ሥራ ነው እኮ!

የሊቨርፑሉ ልጅ ዴቪድ ዪፕ መርማሪ ጆኒ ሆን ሆኖ ይሠራል። በድራማው የጆኒ አባት በሐሰት ተወንጅሏል። ጆኒ የአባቱን ስም ማጥራት ይፈልጋል። አለቃው በርዊክ ደግሞ ጥርሱን ነክሶበታል። በርዊክ ሲያፈጥበት ጆኒ ዓይኑን አይሰብርም። እዚያ ጋ ደጋግሜ አየሁት።

ምሥራቅ ለንደንም ሌላ ነው። ዛሬ የባንክ ፎቆች የተደረደሩበት የወደብ ሰፈር ያኔ ኦና ነበር። በሁለት ሲዝን መቅረቱ በጣም ያሳዝናል። የት እንደሚገኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።