ገብርኤል አንደበቴን ፈታልኝ

ስለቴ ገንዘብ አልነበረም፣ ጃንጥላም አልነበረም። «ከዚህ ጉድ በሰላም ካወጣኸኝ እመሰክራለሁ» ነበር ያልኩት። ይኸው።

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የሐበሻ የሒሳብና የታክስ ቢሮ ውስጥ ነበር የምሠራው። ስሙ ይቅር። ትምህርቴን እንደጨረስኩ የቀጠሩኝ፣ ኤች ዋን ቢ የሚባለውን የሥራ ቪዛ ያወጡልኝ፣ ኋላም ግሪን ካርድ ያስጀመሩልኝ ባለቤቱ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። መጀመሪያ ሌበር ነው፤ ድርጅቱ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ለቦታው የሚሆን አሜሪካዊ እንዳላገኘ ለሠራተኛ ሚኒስቴር ያሳያል። ከዚያ አይ 140፣ ድርጅቱ ለሠራተኛው የሚያስገባው ማመልከቻ፤ ከዚያ አይ 485፣ ሠራተኛው ራሱ የሚያስገባው የግሪን ካርድ ማመልከቻ። ዓመታት ይፈጃል። በእነዚያ ዓመታት ደመወዝ ጨምሩልኝ ማለት የማይታሰብ ነው። ማን ደፍሮ!

እኔን የከበደኝ ግን ደመወዙ አይደለም። የታክስ ሰሞንና ዐቢይ ጾም አብረው ነው የሚመጡት። የታክስ ማስገቢያው ቀን እስኪያበቃ፣ እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ቢሮው እሑድም ክፍት ነው፤ ሐበሻው ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ የሚመጣው እሑድ ነው። እነሱ አስቀድሰው ይመጣሉ፣ እኔ ደብልዩ ቱ፣ የዓመት ደመወዝ ማስረጃ ወረቀት፣ እደረድራለሁ። አንድ ዓመት ሆሳዕና መሆኑን ያወቅኩት አንድ ደንበኛ ግንባሩ ላይ ባሰረው ዘንባባ ነው።

ካርዱ ጥቅምት ላይ በፖስታ መጣ። እናቴ በስልክ እልልታዋን አቀለጠችው። ጋሼም ደስ ብሏቸው ኬክ አስመጡ። ታኅሣሥ ሲገባ «ጋሼ፣ ከዚህ የታክስ ሰሞን በኋላ ልለቅ አስቤያለሁ» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ አይደለሁ እንዴ ለዚህ ያበቃሁሽ?» አሉ። ትንሽ ቆይተው ወረቀት ይዘው መጡ። ሦስት ዓመት እንድቆይ፣ ካልሆነ ለሌበርና ለጠበቃ የወጣውን 18 ሺህ ዶላር እንድከፍል ይላል። እስክሪብቶውን ከላዩ ላይ አጋድመው አስቀመጡት። «ካልፈረምሽ አታልላኛለች ብዬ ለኢሚግሬሽን እጽፋለሁ። ወረቀትሽን ሲነጥቁሽ ታያለሽ።»

እኔ ደግሞ ውለታ የዋለልኝ ሰው ፊት ምላሴ ይታሰራል። «እሺ፣ ልየው» ብዬ ወጣሁ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። የንስሐ አባቴ ጋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አዳመጡኝና «የምትፈልጊው መልቀቅ ነው ወይስ መጣላት?» አሉኝ። መልቀቅ ነው አልኩ። «እንግዲያውስ እሱኑ ለምኚ።»

ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ዕለት ፈቃድ ጠይቄ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ዘካርያስን ዲዳ ያደረገው እሱ አይደል? «መዝጋት ከቻልክ መክፈትም ትችላለህ» ብዬ ሞገትኩት። ምን ላድርግ፣ የቸገረው ሰው ከመልአክም ጋር ይሟገታል።

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ከማላውቃት ሴት ጎን ተቀመጥኩ። ሽሮዬን እንዳልነካሁት አይታ «ምነው እህቴ?» አለችኝ። ለማንም የማልናገረው ሴትዮ ሁሉን ዘረገፍኩላት። ለካ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው! ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል እሷ ጎን ማን አስቀመጠኝ? አጋጣሚ ነው የሚል ይበል።

በእርጋታ አስረዳችኝ። በፈረንጆቹ ከ2007 ጀምሮ የሌበርን ወጪ፣ የጠበቃውን ክፍያ ጨምሮ፣ አሠሪው ራሱ እንዲችል ደንቡ ያስገድዳል። ከሠራተኛው ላይ አስቀድሞ መቀበልም ሆነ በኋላ ማስመለስ አይችልም። የአይ 485 ክፍያ ሌላ ነው፤ እሱን ድሮም የከፈልኩት ከኪሴ ነው። ግሪን ካርድ ከወጣ በኋላ ይህን ያህል ጊዜ ቆዪ የሚል የተቆረጠ ሕግ የለም። የሚታየው ሥራውን ከልብ ልትሠሪ አስበሽ ነበር ወይ የሚለው ነው። በማግስቱ ሹልክ ማለት ጥሩ አይደለም፤ ብዙ ጠበቆች ስድስት ወር ያህል መቆየትን ይመክራሉ። አሠሪ መጻፍ ይችላል፣ ካርዱን መንጠቅ ግን የሱ ሥልጣን አይደለም። «የሌበር ወጪ ብሎ በጽሑፍ ከጠየቀሽ ራሱን ነው የሚያጋልጠው» አለችኝ። አለቃዋም ሰነዶቼን አይቶ ይህንኑ አጸናልኝ። ቆጠርኩት፤ ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ስድስት ወር ይሞላኛል።

ሰኞ ጠዋት የጋሼን በር አንኳኳሁ። ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ውለታዎን እስክሞት አልረሳም። ይቺን ግን አልፈርምም። የሌበርን ወጪ ከሠራተኛ መጠየቅ አይፈቀድም፣ ጠበቃ ጠይቄያለሁ። እስከ ኤፕሪል 15 በሙሉ ልቤ እሠራለሁ። እሑድ ግን አልገባም።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የእሑዷን ነገር ደግሞ ጭራሽ አላሰብኳትም ነበር። ከየት እንደመጣች እግዜር ይወቅ።

ጋሼ ዝም ብለው አዩኝ። ወረቀቱን ለሁለት አጠፉት፣ ደግመው ለአራት አጠፉትና ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«አንቺ፣ እንዲህ መናገር ከየት ተማርሽ?»

«ከገብርኤል።»

ሳቃቸው አመለጣቸው። እሳቸውም የቁልቢ ስለተኛ ናቸው። ታረቅን ማለት ግን አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሰላምታቸው በግድ ነበር። ለኢሚግሬሽን የጻፉት ነገር ካለም እስከ ዛሬ ምንም አልመጣብኝም። ያን ዐቢይ ጾም እሑድ እሑድ አስቀደስኩ። ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

ኤፕሪል 15 ማታ የመጨረሻዋን ፋይል ልኬ ወጣሁ። ከመውጣቴ በፊት በቦታዬ የመጣችውን ልጅ ሥራ አለማምጃት ነበር። የሷም ሌበር ሊጀመር ነው። «አይ 140 ሲጸድቅ ኮፒውን ተቀበያቸው» አልኳት። «ማጽደቂያው የሚመጣው ለድርጅቱና ለጠበቃው ነው፣ ካልጠየቅሽ ላታዪው ትችያለሽ። ፈርሚ የሚሉሽንም ነገር መጀመሪያ ለሚያውቅ ሰው አስነብቢ።»

«ቢቆጡኝስ?» አለችኝ።

«ይቆጣሉ። ከዚያ ይበርድላቸዋል።»