ሙሉ ቀለም አላስቀባትም

ጥቅምት ገብቷል፤ ዝናቡ ግን ገና አልለቀቀንም። ጅማ እንዲህ ናት። ሌላው አገር መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል። እኛ ጋ ጠዋት ፀሐይ ትወጣና ከሰዓት በኋላ ደመናው ተሰብስቦ ያወርደዋል። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ለቡናው በረከት ነው። ለመኪና ላሜራ ግን ትልቅ ፈተና ነው፤ እኔም በዚህ ሰሞን ሐሳቤ ሁሉ እሱ ላይ ነው።

መኪናዬ ባለ ሁለት በር ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ኩፔ የሚባለው ዓይነት። ጣሪያዋ ከመሃል ጀምሮ ወደ ኋላ እየወረደ ይሄዳል። ይህ ሁለተኛው የኮሮላ ትውልድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ነው የወጣው። ሞተሯ 1,166 ሲሲ ነው፤ ባለሙያዎቹ "ሦስት ኬ" ይሉታል። ኮፈኑን ስትከፍተው ሁሉም ነገር ፊት ለፊትህ ነው፤ እጅ የማይገባበት ጥግ የለውም። ካንዴላውን ታጸዳለህ፣ ዘይቱን በጊዜው ትቀይራለህ፣ ካርቡራቶሩን ታስተካክላለህ፣ ትሄዳለች። ስለ ሞተሩ ብዙ አልጨነቅም። ሞተር ቢደክም ይታደሳል። ላሜራ በዝገት ከተበላ ግን መመለሻው ከባድ ነው።

የሚያየኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይለኛል። "ሙሉ ቀለም ለምን አታስቀባትም? አዲስ ትመስል ነበር እኮ!" ጎረቤት ይለኛል፤ ማደያው ያለው ልጅ ይለኛል፤ ሂርማታ ገበያ ዳር ሳቆማት የማላውቀው ሰው ሁሉ ቀርቦ ይለኛል። ለመኪናዋ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ። መልሴ ግን አልተለወጠም፤ አላስቀባትም።

ቀለሟ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ቀይ ነው። የዛሬ መኪኖች ቀለም ላይ ክሊር የሚሉት መስታወት መሳይ ሽፋን ይደረባል። የእሷ ቀይ ያ የለውም። ፀሐዩም ዝናቡም የሚያርፈው በቀጥታ ቀለሙ ላይ ነው። ስለዚህ ላዩ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ይደበዝዛል፣ አመድ ይለብሳል። አጎቴ መኪናዋን ለእኔ ሲሸጣት ኮፈኑ ወደ ሮዝ ሄዶ ነበር። ሰው ይህን ሲያይ ነው "ቀለሙ አልቋል" የሚለው። አላለቀም። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርገህ በክብ በክብ ስታሸው ጨርቁ ደም የነካው ይመስል ቀይ ይሆናል። የሚወጣው የሞተው ሽፋን ነው። ጠረግ ስታደርገው ከስሩ ያ ጥልቅ ቀይ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን እጄ እስኪዝል ድረስ ማቆም አልቻልኩም። ጠርዝ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቀለሙ እዚያ ስስ ነው፤ ጠበቅ አድርገህ ካሸኸው ከስር ያለው መነሻ ቀለም ይወጣል፤ ያኔ በቃ፣ ማስቀባት ግድ ነው።

ዝገቱ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ፖሊሽ አይረዳም።

የኋላው ጎማ ቅስት ላይ ቀለሙ እንደ ሽሮ ወጥ ፈላ ፈላ ብሎ ነበር። ይህ ከውጭ የመጣ በሽታ አይደለም። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከራሱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ቀለሙን ከስር እየገፋ ያነሳዋል። እብጠቱ ውጭ እስኪታይ ድረስ ውስጡ ብዙ ተበልቷል። የጅማን ቀይ ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል። ፓራፋንጎ በሚሉት የጎማ መከለያ ውስጥ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ በታጠፈበት ቦታ ይለጠፋል። ላዩ ይደርቃል፤ ውስጡ ግን ለሳምንታት እርጥብ ነው። ብረቱ እርጥብ ጨርቅ ታቅፎ ከረመ ማለት ነው።

ወደ አንድ ሽማግሌ ባቲላሜራ፣ የመኪና ላሜራ ጠጋኝ፣ ወሰድኳት። መዶሻ አልያዙም። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት አምጥተው በጎኗ ላይ ቀስ ብለው አስኬዱት። ጤናማው ቦታ ላይ ማግኔቱ ጠብቆ ይይዛል። የቀኙ ቅስት ላይ ሲደርስ ለቀቀና ወደቀ። ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነበር፤ ተለጥፎ የሚደርቅ መሙያ። ሲፈለፍሉት ከስሩ የተጠቀጠቀ ጋዜጣ ወጣ። ከብዙ ዓመት በፊት አጎቴ ለአንድ ጋራዥ ከፍሎ ያሠራው ሥራ ነው። ቀዳዳውን በወረቀት ደፍነው፣ ስቱኮ ለጥፈው፣ ቀለም ረጭተው አስረከቡት። ጋዜጣው ውሃ እየመጠጠ ዙሪያውን አበሰበሰው። ያን ወረቀት በእጄ ይዤ በጣም ነው የተናደድኩት። አጎቴ ያችን መኪና እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቃት።

"ጋሼ፣ እንግዲህ ቆርጠን እንበይደው?" አልኳቸው።

"ቆይ ልጄ፤ ውሃው የሚገባበትን ሳናገኝ ቀለምም ብየዳም አንነካም" አሉኝ።

ሽቦ አንስተው ከበሩ ስር ጎንበስ አሉ። በሮች ከታች ትንንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ በመስታወቱ በኩል የገባው ዝናብ የሚወጣው በእነሱ ነው። የእኔዋ በቅጠልና በአቧራ ተደፍነው ነበር። ሽቦውን ሲከቱት ቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ውሃ ፈሰሰ። ብዙ ነው። ያ ሁሉ በሩ ሆድ ውስጥ ተኝቶ ነበር። አሁን በየጊዜው ሽቦዬን ይዤ እወጣለሁ። ለአሮጌ መኪና ከማንኛውም ቀለም በላይ የሚጠቅማት ይህ ነው ባይ ነኝ፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ቅስቱን እሳቸው ቆርጠው አዲስ ላሜራ በየዱበት። ትንንሹን ግን እኔው ነኝ የምሠራው። ከአጋሮ ስመለስ ከፊቴ ከነበረ የጭነት መኪና የተፈናጠረ ጠጠር ኮፈኑን ሁለት ቦታ ነክቶት ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ቶሎ ከተያዘ ቀላል ነው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ታወጣዋለህ፤ ከ240 ቁጥር ተነስተህ ወደ 400 እያለሰለስክ። ለጠጠር ጠባሳ ሻካራው 80 ቁጥር አያስፈልግም፤ ጤነኛውን ቀለም ይጎዳል። በቲነር ትጠርገዋለህ፣ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት ትቀባዋለህ፣ ከዚያ ቀለሙን በቀጭን ብሩሽ ስስ ስስ አድርገህ ትደራርባለህ። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትጨምርም። ሲጠነክር በውሃ በራሰ 2000 ቁጥር አስተካክለህ በፖሊሽ ትጨርሳለህ።

ጅማ ላይ የሚጨመር ሕግ አለ። የተራቆተ ብረት አያድርም። ማታ አጽድተህ ብትተወው ጠዋት ላዩ ቢጫ ለብሶ ታገኘዋለህ፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጀምሬ ከሰዓቱ ደመና በፊት አንቲረስቱን አለብሰዋለሁ።

ቀለም የሚቀምመው ልጅ የበሩን ውስጥ ጠርዝ አይቶ ሊቀምም ፈልጎ ነበር። እዚያ ያለው ቀይ ግን ፀሐይ አይቶ አያውቅም። ኮፈኑን ወልውዬ እሱን አሳየሁት፤ ልዩነቱ ግልጽ ነበር። አሁን የነካሁትን ቦታ ጠጋ ብሎ ላላየ ሰው አይታይም።

አቮካዶው ስር ማቆምም ትቻለሁ። ቅጠሉ መስታወቱ ግርጌ ያለውን ወንፊት ይደፍነዋል። ሰዎች ላስቲክ አልብሳት ይሉኛል፤ ላስቲክ ግን እርጥበቱን አፍኖ ያስቀምጠዋል። ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጥላ ይሻላል፤ ነፋስ ያደርቃታል።

እንግዲህ ሙሉ ቀለም የማላስቀባት ለዚህ ነው። አሁን ያለው ቀለም አይደብቀኝም። አንዲት እብጠት ብትነሳ በሳምንቱ አያታለሁ። ሁሉም በአዲስ ቀለም ከተሸፈነ ከስሩ ምን እንደተጠቀጠቀ ማን ያውቃል? ደግሞ በሾፌሩ በር እጀታ አጠገብ የአጎቴ ቁልፎች ዓመታት ሙሉ የጫሩት ቦታ አለ። ብረት አልደረሰም፤ አይዝግም። እሱን ዙሪያውን ብቻ ነው የምወለውለው። እንዲጠፋ አልፈልግም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ ደግሞ ያለችንን ጠብቀን ማቆየት ይበልጥ ተገቢ ሆኖ ታይቶኛል።

የቀረኝ የፊት መስታወቱ ጎሚኒ፣ ዙሪያውን የያዘው ጎማ፣ ነው። ተሰነጣጥቋል፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል እግር ስር ያለው ምንጣፍ ይርሳል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚሠራ ወዳጄ እየፈለገልኝ ነው። ከተገኘ ኅዳር ላይ መስታወቱን እናወርዳለን። ከስሩ ዝገት እንዳለ ከወዲሁ ጠርጥረናል፤ ጋሼም ያን ሳምንት ሌላ ሥራ እንደማይዙ ነግረውኛል።