ካርዱ በር ላይ ሲያልቅ

የሰላም ጉባኤ ዜና ስሰማ እጅ ለእጅ የተጨባበጡበትን ፎቶ ብዙም አላየውም። ማን ተጠራ? ማን ቀረ? የመጣውስ ምን ተሰጥቶት መጣ? መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። ብዙ ጉባኤ የሚበላሸው ገና በር ላይ ነው ባይ ነኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የቬትናም ድርድር ሲነሳ ሰው የሚስቅበት አንድ ታሪክ አለ። በ1968 መጨረሻ ፓሪስ ላይ ተደራዳሪዎቹ በጠረጴዛ ቅርጽ መስማማት አቅቷቸው ሳምንታት አለፉ። ክብ ይሁን፣ አራት ማዕዘን ይሁን፣ እያሉ፣ ያውም ሰው እየሞተ። እኔ ግን አልስቅም። የሳይጎን (የደቡብ ቬትናም) መንግሥት ከደቡቡ አማጺ ግንባር ጋር እኩል ከተቀመጠ ግንባሩን እንደ እኩል ባለጉዳይ ተቀበለው ማለት ነው፤ ግንባሩን የምትደግፈው ሀኖይ (ሰሜን ቬትናም) የምትፈልገውም ይህንኑ ነበር። ወንበር አንዴ ከሰጡ በኋላ መልሶ መንጠቅ የለም።

የአፍጋኒስታንን የዶሃ ስምምነት እዩት። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 አሜሪካና ታሊባን ተፈራረሙ። የካቡል መንግሥት የለበትም፤ ታሊባን መንግሥቱን አሻንጉሊት ነው ብሎ አላነጋግረውም ስላለ ውጭ ቀረ። አሜሪካ በ14 ወር ውስጥ ወታደሮቿን ጠቅልላ ልትወጣ ቃል ገባች። እስከ 5,000 የታሊባን እስረኞች እንዲፈቱም ተጻፈ። እስረኞቹ በማን እጅ ነበሩ? በዚያው ባልፈረመው መንግሥት! በምላሹ ታሊባን አልቃይዳና መሰሎቹ ከአፍጋኒስታን ተነስተው አሜሪካን እንዳያጠቁ ሊከለክል፣ ከሌሎቹ አፍጋኖች ጋርም ንግግር ሊጀምር ተስማማ። ልብ በሉ፣ ሊጀምር ነው የተባለው፣ ሊጨርስ አይደለም። ንግግሩም ሴፕቴምበር ላይ ተጀመረ፣ ግን ባላንጣው የሚወጣበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ምን ያጣድፈዋል? ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው። ኦገስት 15 ቀን 2021 ታሊባን ካቡል ገባ። የካቡል መውደቅ የዚህ ወረቀት ጥፋት ብቻ ነው አልልም፣ ሙስናውም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። አሜሪካ ታሊባንን የምታስገድድበት ካርድ ግን ከዋናው ድርድር በፊት አልቆ ነበር።

የዚህ ተቃራኒ ዴይተን ነው። በ1995 የአሜሪካው ዲፕሎማት ሪቻርድ ሆልብሩክ የቦስኒያን ጦርነት ለማስቆም ሲሯሯጥ እጁ ባዶ አልነበረም። ኔቶ ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ የቦስኒያ ሰርቦችን በአውሮፕላን ደብድቧል፣ የክሮአትና የቦስኒያክ (የቦስኒያ ሙስሊሞች) ኃይሎች መሬት እያስለቀቁ ነው፣ የሰርቢያው ሚሎሶቪች ደግሞ ማዕቀብ አንቆት መውጫ ይፈልጋል። ተደራዳሪዎቹን አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ ዴይተን ከተማ አጠገብ ያለ አንድ የአየር ኃይል ጣቢያ አስገብተው፣ ከጋዜጠኛ አርቀው፣ 21 ቀን አቆዩዋቸው። ማዕቀቡን የመምጫ አበል አላደረጉትም። ስምምነቱ ኖቬምበር 21 በምህጻረ ፊርማ ጸደቀ፣ በማግስቱ የጸጥታው ምክር ቤት የንግድ ማዕቀቡን ለጊዜው አነሳ። ያኔም ቢሆን አሜሪካ ሁሉንም አልለቀቀችም፤ ወደ ዓለም ባንክና ወደ አይኤምኤፍ የሚወስደውን በር ዘግታ ቆየች። እጅ ላይ የቀረ ካርድ ማለት ይሄ ነው፤ ከፊርማው በኋላም የሚሠራ።

ዴይተንንም ቢሆን እንከን የለሽ አላደርገውም። ለቦስኒያ ሰርቦች የተደራደረላቸው ሚሎሶቪች ነው፤ የራሳቸው መሪ ካራጂች በጦር ወንጀል ተከሶ ስለነበር ሊመጣ አይችልም። ጫናው ፊርማ አመጣ፣ ተኩሱም ቆመ። አገሩን እንዴት እንደሚያስተዳድሩት ግን እዚያው ጣቢያ ውስጥ፣ በጥድፊያ ነው የተጻፈው። ፕሬዚዳንቶቹ ሦስት ናቸው፤ አንድ ቦስኒያክ፣ አንድ ክሮአት፣ አንድ ሰርብ። የቦስኒያ ሕገ መንግሥት ዛሬም የዚያ የሰላም ሰነድ አባሪ ቁጥር 4 ነው።